ነጭ ዕጣ የደረሳቸው

ጥቅምት 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ፖስታውን ስቀደው የመዝገብ ቤታችሁ አቧራ አብሮ ወጣና ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። የቢሮ ጓደኞቼ «ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሠራል?» እያሉ ይስቁብኛል። እህቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ መዝገብ ስታስር የኖረች ሰው ናት፣ ያልተጻፈ ነገር አታምንም እላቸዋለሁ። እንዴት ሰንብተሻል? እማዬስ? እኔ ደህና ነኝ። ከስቷል ብለው የነገሩሽ ሰዎች ዓይናቸውን ይታከሙ።

እሺ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። ፍርድ ቤታችሁን ለጥናቱ የመረጠው የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴው ራሱ ነው፤ እኔ ምንም አላልኩም። እህቴ እዚያ መዝገብ ቤት እንደምትሠራ ስነግራቸው እንዲያውም ሰብሳቢው ደስ አለው። «እንግዲያው የምናምነው ሰው አለን» አለ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «መደወሉ ጥሩ ከሆነ ለሁሉም ለምን አንደውልም?» ብለሻል። ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ፤ የፍርድ ቤቱን ነገር ከእኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። በቤትና በውርስ ክርክር ከአሥር ባለጉዳይ አራቱ በቀጠሮው ቀን አይቀርብም። በሌለበት ይፈረድበታል፤ ቤቱ ይሄዳል። ለምን አይቀርብም? ዳኞቹ «ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው የሚሸሸው» ይላሉ። አንቺ ደግሞ «ቀጠሮው ተለውጦ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ማን አየለት?» ትያለሽ። ማንኛችሁ ናችሁ ልክ? እስከ ዛሬ ሕግ የሚሻሻለው በግምት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ብድግ ብሎ «በሠላሳ ዓመት ልምዴ» ካለ ስብሰባው አለቀ። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ «ቆጥራችሁ አምጡ» ተባልን። ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደጠበቅሁት ታውቂያለሽ።

ስለዚህ በዕጣ ይሁን። ለእያንዳንዱ አዲስ መዝገብ አንድ የታሸገ ፖስታ ትከፍቻለሽ። ሰማያዊ ወረቀት ከወጣ ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ በፍርድ ቤቱ ስልክ ትደውያለሽ። ነጭ ከወጣ እንደ ድሮው፣ ምንም። ሰማያዊዎቹ እየመጡ ነጮቹ ከቀሩ የሚከራከረን አይኖርም፤ በየፍርድ ቤቱ ስልክና ደዋይ ይመደባል። ለሁሉም ከደወልን ግን ሰዉን ያመጣው ስልኩ ይሁን ሌላ ነገር በምን እናውቃለን?

ነጮቹ እንደሚያሳዝኑሽ አውቃለሁ። ግን አልበደልናቸውም፤ ትናንት ያላገኙትን ዛሬም አላገኙም፣ ያ ብቻ ነው። ስምንት ወር ታገሺልኝ። አደራ።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 12

ለቆጣሪው ወንድሜ፣

እንደምን አለህ? የደረጃውን ብዛት ሳይቆጥር ቤት የማይገባ የነበረ ልጅ አድጎ የሰው ጉዳይ ቆጣሪ ሆነ፤ እማዬ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ነው የምትውለው። ወገቧ ያው ነው፣ አልባሰም አልተሻለም። አንተ ግን በደንብ ብላ። የነገሩኝ ሰዎች ዓይናቸው ደህና ነው።

ፖስታዎችህ በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ታይፒስቷ «ግምጃ ቤት ሾሙሽ እንዴ?» እያለች ታሾፍብኛለች።

የሰማያዊዎቹን ወሬ ልንገርህ። «ከፍርድ ቤት ነው» ስላቸው ግማሾቹ ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል፤ መልሼ እደውላለሁ። አንዲት ሴትዮ «እኔ ማንንም አልሰደብኩም!» ብላ ጮኸችብኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ዳኛው ራሳቸው ናቸው ደውይለት ያሉሽ?» አለኝ። አይ፣ እኔው ነኝ ስለው ቅር አለው። ግን ይመጣሉ። በቀጠሯቸው ቀን ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ችሎት ሳይከፈት ደጁ ላይ ናቸው።

ስለ ነጮቹም በስልክ ጠይቀኸኛል። ባለፈው ሰኞ አንድ አናጢ መጣ። በርና ወንበር የሚሠራ፣ ስልሳን ያለፈ ሰው ነው፤ የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ጫፉ የለም። የሟች ወንድሙ ልጆች የሚሠራበትንም የሚኖርበትንም ቤት «የአባታችን ውርስ ነው፣ ልቀቅ» ብለው ከስሰውታል። ወረፋ ሲጠብቅ ኮሪደራችን ላይ ያለችውን የምትወላገድ አግዳሚ ወንበር አያት። ከኪሱ መፍቻ አወጣና አጠበቃት። እኛ ሃያ ስምንት ዓመት ስንወላገድባት የኖርነውን! ተራው ሲደርስ ፖስታውን ከፈትኩ። ነጭ። ስልክ ቁጥሩን ግን ለሁሉም መዝግቢ ባልከው መሠረት መዘገብኩ። ባርኔጣው ውስጥ ከሸጎጣት ወረቀት ላይ አንድ በአንድ አነበበልኝና «ትደውሉልኛላችሁ ማለት ነው?» አለኝ። «ሰሌዳውን እየመጡ ይመልከቱ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? አንጀቴን በላው።

ያዘዝከኝን እንደ ጻፍከው እየፈጸምኩ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ እየፈጸምኩ ነው። አታስብ።

እህትህ


የካቲት 9

እትዬ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። አንቺም አዘግይተሻል፤ ስለዚህ ተቻችለን እንለፈው።

የአራት ወሩን ቁጥር ለኮሚቴው አቀረብኩ። ነገሩ ግራ አጋብቶኛል። ሰማያዊዎቹ እንደጠበቅነው እየመጡ ነው። ነጮቹም እየመጡ ነው! ከአሥር አራቱ ይቀር የነበረው የከተማችሁ ሰው አሁን ከአሥር አንድ ቢቀር ነው፣ የተደወለለትም ያልተደወለለትም። ሰብሳቢው «ሕዝቡ ነቅቷል» ብሎ እጁን አሻሸ። እኔ ግን ሆዴ አላመነም። ሕዝብ በአንድ በጋ አይነቃም፤ ያውም እኩል። ፖስታዎቹ ተቀላቅለው ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ቁልፉ በማን አንገት ላይ እንደሆነ ሳስታውስ በራሴ አፈርኩ።

በነገራችን ላይ፣ ምሳ ሰዓት ስደውልልሽ ስልክሽ ሁልጊዜ ተይዟል። ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው? ወዳጅ አበጀሽ እንዴ? ካበጀሽ እሰየው፤ ግን ለወንድም ይነገራል።

እማዬንስ ለምን አታገናኚኝም? ሦስት ሳምንት ሙሉ «ተኝታለች» ነው መልስሽ። እማዬ ደግሞ ቀን ተኝታ አታውቅም። ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ወንድሜ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። እማዬ ጥር 14 ቀን ደጃፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አራት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። አሁን ቤት ናት፣ በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ትደርሳለች። ትናንትማ ሾርባውን ጨው አሳነስሽ ብላ ተቆጣችኝ፤ ያን ጊዜ እንደተረፈች አወቅሁ። ያልነገርኩህ አንተ ኮሚቴ ፊት ለመቅረብ የምትዘጋጅበት ጊዜ ስለነበረ ነው። ራሷ ናት የከለከለችኝ። አልጋ ላይ ሆና፣ ከሕመሟ መሀል፣ «ልጄ ቁጥሩ ይሳሳትበታል፣ እንዳትነግሪው» አለችኝ። እንግዲህ መቆጣት ከፈለግህ ሁለታችንንም ነው።

ወዳጅ ስላልከው፣ በዚህ ጉልበቴ? ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ይበዛብኛል። ስለዚያ ሌላ አትጠይቀኝ።

እኔ ሆስፒታል በነበርኩባቸው ቀናት ሰማያዊዎቹን ታይፒስቷ ደውላላቸዋለች። በዚህ በኩል ጥናትህ አልተጎዳም።

አናጢው ግን ቀረ። ዳኛው ሥልጠና ስላለባቸው ቀጠሮው በአንድ ሳምንት እንዲቀድም ተደርጎ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እሱ በፊት በተነገረው ቀን መጣ። እሱ ሲመጣ በሌለበት ተፈርዶ አልቋል። ፍርዱ ይነሳልኝ ብሎ አመለከተ። «ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ በቂ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ውሳኔውን ስሰጠው ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበለኝ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እህትህ


ሰኔ 22

እትዬ፣

እማዬን ለማየት መጥቼ ያደርኩባቸው ሁለት ቀናት ጥሩ ነበሩ ልል ፈልጌ ነበር። እማዬ በምርኩዟ እየመታች ስትቀልድብኝ ደስ ብሎኛል። አንቺ ግን ዓይኔን ስትሸሺ ሰነበትሽ። ቁርስ ላይ ስለ ጥናቱ ሳነሳ ተነስተሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ። ታጥቦ የተቀመጠውን ስኒ ደግመሽ ስታጥቢ አይቼሻለሁ።

ጥናቱ ተዘጋ። ከሰማያዊዎቹ መቶ ዘጠና ስድስት ባለጉዳዮች አሥራ ሰባቱ ቀሩ። ከነጮቹ ሁለት መቶ አንድ ባለጉዳዮች አሥራ ዘጠኙ ቀሩ። ልዩነት የለም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ውጤት የሚነበበው በአንድ መንገድ ነው፤ መደወል ለውጥ አያመጣም።

ትናንት ለኮሚቴው አቀረብኩ። አዲሱ የፍትሐ ብሔር መመሪያ ረቂቅ ውስጥ «ፍርድ ቤት ከቀጠሮ በፊት ለባለጉዳይ ይደውላል» የሚል አንቀጽ ነበረ። እኔው ፊት ተሰረዘ። ሰብሳቢው እንዲያውም አመሰገነኝ። «ሊመጣ የፈለገ ይመጣል፤ ይህንን በልምድ ነበር የምናውቀው፣ ወንድማችን ቆጥሮ አረጋገጠልን» አለ። በተሰረዘው ቦታ «በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ቀጠሮ ለባለጉዳዩ እንደደረሰ ይቆጠራል» የሚል ገባ። በእኔ ቁጥር ነው የገባው። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ጥበቃው አሞህ ነው ወይ ብሎ ውኃ አመጣልኝ።

መመሪያው የሚፈረመው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ለብቻው አንድ ጥያቄ ጽፌልሻለሁ። አንብበሽ ቅደጂው። መልሱን ግን ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 3

ወንድሜ፣

አዎ። ለነጮቹ ደውዬላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዋ አንዲት ጎዳና ጠራጊ ነበረች። የቀጠሮዋ ዋዜማ መዝገቧን ከመደርደሪያ ሳወርድ እጄ ቆመ። ነገ ስሟ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ የለችም ይባላል፣ መዝገቡ ወደ እኔ ይመለሳል፤ «በሌለችበት» የሚለውን ማኅተም የምመታው እኔ ነኝ። አንተ ቁጥሩን ታያለህ፤ እኔ ማኅተሙን እመታለሁ። ስልክ ቁጥሯ ዓይኔ ሥር ነው። ደወልኩላት። «ነገ ነው እንዴ? እኔ የሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ!» አለች። መጣች። ቤቷንም አልተነጠቀችም።

እሷን ደውዬ ሌላውን እንዴት ልተወው? ያኛው ምን በደለኝ? ስለዚህ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ከመደርደሪያዎቹ ኋላ ቆሜ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ወዳጄ እንግዲህ ይህ ነበር። ሁሉንም በደብተር መዝግቤአለሁ፤ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደደወልኩ፣ መጥቶ እንደሆነ። ሳልመዘግብ መሥራት አልችልም።

አንተን የምጎዳ አልመሰለኝም። አስረድተኸኛል፤ ልዩነቱን እንደምትፈልጉ በጭንቅላቴ ገብቶኝ ነበር። እጄ ግን አልሰማም። ደግሞም ብዙ ሰው ከመጣ «መደወል ጥሩ ነው» ትላላችሁ ብዬ በየዋህነቴ አሰብኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ እጄን በእጄ ቆረጥኩ።

ከሁለት መቶ አንዱ ነጮች ለሁለት መቶው ደውያለሁ። ለአንዱ ብቻ አልደወልኩም። እማዬ ቀዶ ጥገና በገባችበት ጠዋት ደብተሬን ይዤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። የዚያ ሳምንት ነጮች አራት ነበሩ። ለሦስቱ ደወልኩ። የአራተኛውን ቁጥር ስጀምር ሐኪሙ ወጣና «የታማሚዋ ልጅ አንቺ ነሽ? እዚህ ላይ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ እማዬ እስክትነቃ ድረስ ስለ ማንም አላሰብኩም። አራተኛው አናጢው ነበር።

ቤቱን አስረክቧል። እኔ ሳላይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን መንገዴ በዚያ ነው። በሮቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ሲያወጣ አየሁት፤ የሠራቸውን፣ ገዢ ያልወሰዳቸውን በሮች።

ምን ላድርግ? ለኮሚቴው ተናገሪ ካልከኝ ነገውኑ እናገራለሁ። መመሪያው ገና አልተፈረመም ብለሃል። የምትለኝን እጠብቃለሁ።

እህትህ


ነሐሴ 15

እትዬ፣

ለሐምሌው ደብዳቤሽም፣ ከዚያ በኋላ ለላክሻቸው ለሁለቱም መልስ ስላልሰጠሁ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ሌላ ነገር ስላለ።

ደብዳቤሽን በደረት ኪሴ ይዤ ሁለት ስብሰባ ገብቻለሁ። ሁለቴም አላወጣሁትም። ሁለተኛው ላይ ሰብሳቢው «የሚጨመር ነገር አለ?» ብሎ እኔን እኔን አየኝ። የለም አልኩ።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶሻል። ቢያባርሩሽ እማዬ በምን ትታከማለች? ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። እውነቱን ከነገርኩሽ ግን አንቺን ለማዳን ብቻ አይደለም። «እህቱን አስቀምጦ ነው የቆጠረው» እንዳይሉኝም ፈርቻለሁ። በዚህ አገር ገና አሁን ነው «ቆጥራችሁ አምጡ» የተባልነው፤ የመጀመሪያው ቆጠራ ውሸት ነበር ብዬ መቆም አቃተኝ።

እኔ ደግሞ ሳልቆጥር አልተኛም። ባትደውዪ ኖሮ ከነጮቹ ሰማንያ ያህሉ ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ስልሳ ሰው አድነሻል። በሌሎቹ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፤ ያ አንቀጽ ባይሰረዝ ብዙዎቹ ይድኑ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ሳያቸው አድራለሁ። ልቆጣሽ እሞክራለሁ፤ ያችን ጎዳና ጠራጊ ሳስባት አልችልም።

ለማንም አትናገሪ። ደብተሩንም አቃጥዪው። እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 8

ወንድሜ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ። እማዬ ደህና ናት፤ ምርኩዙን ለጎረቤት ልጆች ማስፈራሪያ አድርጋዋለች።

መመሪያው መጣ። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ፤ አራቱንም ማዕዘን በመርፌ ወጋሁት። የምደውልበት የፍርድ ቤቱ ስልክ ከመዝገብ ቤቱ ተነሳ። አዲሱ ሬጅስትራር፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ የባለጉዳይ ስልክ ቁጥር ከእንግዲህ እንዳይመዘገብ አዞናል፤ ስለዚህ በስርቆሽም እንኳ ልደውልላቸው አልችልም። እንዳልሞከርኩ እንዳታስብ።

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አሥራ አራት ቀጠሮ ነበረ። ስድስት ሰው ቀረ። ስድስት ጊዜ ማኅተም መታሁ። አንዷ በማግስቱ መጣችና ደጁ ላይ «በሕግ አምላክ፣ ትናንት መሆኑን ማን ነገረኝ?» እያለች ጮኸች። ጥበቃው ወደ ሰሌዳው ጠቆማት። እሷ ማንበብ አትችልም። አንብቤ ነገርኳት፤ ምን እንደሚል ሰምታ ሄደች።

ደብተሩን አላቃጠልኩትም። ሃያ ስምንት ዓመት ወረቀት ስጠብቅ ኖሬ ወረቀት አላቃጥልም። ከአንድ ደብዳቤ ጋር አድርጌ በአደራ ፖስታ ለኮሚቴህ ልኬዋለሁ። ያደረግኩትን ሁሉ ጽፌአለሁ። ይህን ለአንተ የምጽፈው ያኛው ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብነግርህ ትለምነኛለህ፣ ከለመንከኝ ደግሞ እምቢ ማለት እንደማልችል አውቃለሁ።

«ወንድሜ ስለዚህ ነገር አያውቅም» ብዬ ጽፌአለሁ። አደራህን፣ እንደጻፍኩት ይቅር። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ሥራው ላይ ይቆይ።

እህትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

ከሥራ የታገድሽበት ደብዳቤ ሳይደርስሽ የእኔ እንዲቀድም ፈልጌ ነበር። የእነሱ ቀደመ።

ደብዳቤሽን ሰብሳቢው ጮክ ብሎ አነበበው። ስትጽፊ እንደምትናገሪው ነው፤ ስለ ማኅተሙ የጻፍሽው ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ። አውቅ ነበር አልኩ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ። አንድ ጊዜ «የለም» ብያለሁ፤ ሁለተኛ ማለት አቃተኝ። ከጥናቱ አስወጥተውኛል። አሁን ምድር ቤት ውስጥ የቆዩ ሪፖርቶችን አስተካክዬ እደረድራለሁ፤ ልክ እንዳንቺ።

መመሪያው እንዲሻር ተከራከርኩ። ጥናቱ ስህተት ከሆነ በጥናቱ የገባው አንቀጽም ይውጣ አልኩ። የሕግ አማካሪው «መመሪያ በመመሪያ ነው የሚሻረው፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ ጥናት ያስፈልጋል» አለ። አዲስ ጥናት መቼ? በዕቅድ አልተያዘም።

ከዚያ ደብተርሽን ዘረጋሁላቸው። እዩ አልኳቸው፣ ሁለት መቶ ሰው ተደውሎለት ይህን ያህሉ መጥቷል፤ ካቻምና ሳይደወል ከአሥር አራት ይቀር ነበር። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ እጇን አውጥታ «ካቻምና ሌላ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ያልተደወለለት ስንት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

አንድ፣ አልኳት።

«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለች።

እትዬ፣ ትክክል ናት። እንዲህ ብዬ ነው ያስተማርኳት። ደብተሩን አጠፍኩት።

በሚቀጥለው ወር ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ለእማዬ ምን ብለሽ እንደነገርሻት ጻፊልኝ፤ የተለያየ ነገር እንዳንናገር።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 5

ወንድሜ፣

ለእማዬ የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ ብያታለሁ። ሦስተኛ ሳምንቱን ስንይዝ «ይህ መሥሪያ ቤት መቼም ይወድሻል» አለች። አውቃለች መሰለኝ። አንተም ፈቃድ ነው በል።

«አውቅ ነበር» ማለትህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። አሁን ግን ደግ አደረግህ እላለሁ፤ ብቻዬን ባልሆን ይሻለኛል።

ታይፒስቷ ዕቃዬን በካርቶን አምጥታልኝ ነበር፦ መነጽሬን፣ ሹራቤን፣ የአንገቴን ቁልፍ ክር። ማኅተሙን የሚመታው አሁን አንድ ወጣት ነው አለች። ፈጣን ነው፣ ቀና ብሎ አያይም አለችኝ።

«አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» የተባለውን ካነበብኩ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ትናንት አናጢውን ፈልጌ ሄድኩ። ሴት ልጁ ጋ ነው ያለው፤ አንዲት ክፍል፣ ሁለት አልጋ። መሣሪያዎቹ በጆንያ ተጠቅልለው አልጋው ሥር ናቸው። መጋዝ ይጮሃል ተብሎ አከራዮቹ ስለከለከሉት ምንም አይሠራም። ወንበር አስጠጋልኝ። ለቤቱ ጉዳይ የመጣሁ መስሎት ልጁን «ወረቀቶቹን አምጪ» አላት። ተስፋ ሲያደርግ አየሁት።

ሁሉንም ነገርኩት። የፖስታዎቹን፣ የዕጣውን፣ ለእሱ ነጭ እንደወጣለት፣ ለሌሎቹ ነጮች ግን በድብቅ ስደውል እንደነበረ፣ እናቴ ቀዶ ጥገና የገባችበትን ቀን፣ ቁጥሩን ጀምሬ እንደተውኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። ቢሰድበኝ ቀለል ይለኝ ነበር። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «የደወሉላቸው ሰዎች መጡ?»

«አብዛኞቹ መጡ» አልኩት።

ልጁ ወረቀቶቹን ይዛ ቆማ ነበር። «መልሻቸው» አላት። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እናቴ እንዴት እንደሆነች ጠየቀኝ፤ ተነስታለች አልኩት፤ እሰይ አለ። እስከ በሩም ሸኘኝ። እዚያ ቆሞ፣ ሳይቆጣ፣ እኔ የማላውቀውን ነገር እንደሚያስረዳኝ ሁሉ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ቢደውሉልኝ እኮ እመጣ ነበር።»

እህትህ